ወይዘሮ አስቴርና የታመመው ልጃቸው

በጎንደር ከተማ አጠገብ ቍስቋም የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል።

እቴጌ ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበረ። ስለዚህ እቴጌይቱ ከልጃቸው ጋራ ሆነው መንግሥቱን አስተዳደሩ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ባል ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ስማቸውም አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ ነው። ይህ ታሪክ የወይዘሮ አስቴር ታሪክ ነው።

ወይዘሮ አስቴር በቤተ መንግሥት ቢያድጉም ኑሯቸው ከኀዘን የራቀ አልነበረም። ባላቸው የበጌምድር ገዥ ደጃዝማች ማርያም ባርያው ከንጉሡ ከዐፄ ኢዮአስ ጋራ ተጣልተው በጦርነት ድል ሆኑ፤ በኋላም ተገደሉ። ወይዘሮ አስቴርም የትግሬውን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን አገቡ። ራስ ሚካኤል በዚያን ጊዜ ያረጁ፣ ነገር ግን እጅግ የተፈሩ ሰው ነበሩ። በ1761 ዓ.ም. የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ የሆኑት ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። እንግዲህ ወይዘሮ አስቴር በእናታቸው ኀዘንና በባላቸው ኀይል መካከል ይኖሩ ነበር።

በ1762 ዓ.ም. በየካቲት ወር ንጉሡና ራስ ሚካኤል ለጦርነት ወጥተው ሳሉ፣ የራስ ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ከሰፈር ታሞ ወደ ጎንደር መጣ። በመጀመሪያ ትኩሳት ብቻ መሰለ። ጥቂት ቈይቶ ግን ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ በሽታውም ፈንጣጣ መሆኑ ታወቀ።

ፈንጣጣ እጅግ ክፉ በሽታ ነበረ። በመጀመሪያ ትኩሳትና ራስ ምታት ይመጣል፤ የወገብ ሕመምም ይከተላል። በዚያን ጊዜ ማንም ሰው ተራ ንዳድ ነው ብሎ ሊንቀው ይችላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ፊትና እጅ እግር መግል በያዘ ቍስል ይሸፈናል። ከሚታመሙት ከ10 ሰዎች ውስጥ 3 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ከዳኑትም ብዙዎች ፊታቸው ተጠቋቍሮ፣ አንዳንዶችም ዐይናቸው ጠፍቶ ይቀሩ ነበር። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ስለሚተላለፍ፣ ወደ አንድ ቤት ከገባ በቶሎ ይዛመታል።

በቍስቋም የእቴጌይቱ ልጆችና የልጅ ልጆች አብረው ይኖሩ ነበር። በሽታው ከመካከላቸው ገባ። ከታመሙትም አንዱ ክንፉ ነበረ። ክንፉ ወይዘሮ አስቴር ከቀድሞ ባላቸው የወለዱት ልጃቸው ነው። ለራስ ሚካኤል የወለዱትም ሕፃን ታመመ።

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ የያዘውን ሰው የሚጠብቁት እንደሚከተለው ነበር። በርና መስኮቱን ይዘጋሉ፤ በቤቱ ውስጥ እሳት ያነዳሉ፤ በሽተኛውን በብዙ ልብስ ይሸፍናሉ፤ ትኩስ መጠጥም ያጠጡታል። ነፋስ እንዳይነካው ስለሚፈሩ ቤቱ ጨለማ ይሆናል፤ በጨለማውም ውስጥ ሻማ ያበራሉ። እንዲህ ማድረጋቸው ለበሽተኛው ከማሰብ የተነሣ ነው። ነገር ግን በትኩሳት የሚቃጠለውን ሰው ይበልጥ አቃጠሉት። ይህም ልማድ በኢትዮጵያ ብቻ የነበረ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም ብዙ ሐኪሞች እንደዚሁ ያደርጉ ነበር። ቶማስ ሲደንሃም የሚባል ሐኪም በሽተኛው ቀዝቀዝ ያለ አየር ያስፈልገዋል ብሎ ሲያስተምር ብዙዎች ተቃወሙት።

በዚያው ወር ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። የአገሩ ሰዎች ያዕቆብ ይሉት ነበር። የመጣበት ምክንያት የዐባይን ምንጭ ለማየት ነው እንጂ ሕክምና ለመሥራት አልነበረም። ሆኖም ሐለብ በምትባል ከተማ ሳለ ከጓደኛው ከዶክቶር ራስል ስለ ፈንጣጣ አጠባበቅ ተምሮ ነበር። እቴጌ ምንትዋብም ይህን ሰምተው አስጠሩት። ነገር ግን ሕመምተኛው ለአንድ የዋልድባ መነኩሴ ዐደራ ተሰጥቶ ስለ ነበረ እንግዳው አያስፈልግም ተባለ። እርሱም ተመልሶ ሄደ። ብዙም ሳይቈይ ወልደ ሐዋርያት ሞተ።

አሁን የወይዘሮ አስቴር ልጆች ተራ ሆነ። ሞት አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቷል። እንደ ቀድሞው ልማድ ቢጠበቁና ቢሞቱ እናቲቱን የሚወቅስ አይኖርም፤ ሁሉ የሚያደርገውን አድርገዋልና። ከባሕር ማዶ ለመጣ ለማይታወቅ ሰው ቢሰጧቸውና ቢሞቱ ግን ወቀሳው በእናታቸው ላይ ይወድቃል። የሕፃኑ አባት ደግሞ የተፈሩት ራስ ሚካኤል ናቸው። ይህን ሁሉ እያወቁ እንግዳው ዳግመኛ ተጠራ፤ ልጆቹም በእርሱ እጅ ተሰጡ። እርሱም የሚያዘው ሁሉ ሳይጓደል እንዲፈጸም ለመነ።

ብሩስ በመጀመሪያ በርና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ። ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤም አሳጠበ። የታመሙት ልጆች ንጹሕ አየር አገኙ። ለዘመኑ ሰው ይህ እጅግ የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። ነፋስ ይገድላል ሲባል ላደገች እናት ልጅዋ በተከፈተ መስኮት ሥር ተኝቶ ማየት ቀላል አይደለም። ወይዘሮ አስቴር ግን መስኮቱን መልሰው አላስዘጉም።

ክንፉ ዳነ። እናቱም ውለታውን አልረሱም። ብሩስ በጎንደር በተቀመጠበት ዘመን ሁሉ በብዙ ጠላት መካከል ጠባቂውና ወዳጁ ሆኑ። በ1763 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በሠርባ ኵሳ ጦርነት ድል ሆኑ። ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1782 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የወይዘሮ አስቴርን ደግነት በሰፊው ጻፈ። እቴጌ ምንትዋብ ግን ይህን ሳያዩ በ1765 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ብሩስ ፈንጣጣን የሚያድን መድኀኒት አልነበረውም። በዚያ ዘመን ማንም አልነበረውም። ያደረገው ነገር የሚጐዳውን ማስቀረት፣ ሰውነት በራሱ ኀይል እንዲታገል መርዳት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በ1788 ዓ.ም. ኤድዋርድ ጄነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከላም ፈንጣጣ በሽታውን የሚከላከል ክትባት አገኘ። ብዙ ሰዎች ዘበቱበት፤ ክትባቱ ግን በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር ላይ ፈጽሞ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። ዛሬ በጎንደርም ሆነ በሐዋሳ የሚያድግ ልጅ ይህን በሽታ በስሙ ብቻ ያውቀዋል።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ተማሩ። ሕመም ሲጀምር ትንሽ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰውነታችሁን ሲያማችሁ ለወላጆቻችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። እናት ልጄ ደኅና አይደለም ስትል ነገርዋን አትናቁ፤ ሌት ተቀን የልጅዋን ፊት የምታይ እርስዋ ናትና። ደግሞም አንድ ልማድ የቈየ ስለ ሆነ ብቻ ትክክል ነው አትበሉ፤ አንድ ምክር ከእንግዳ ስለ መጣ ብቻም አትጣሉት። ሁሉን መርምሩ፤ የሚጠቅመውንም ያዙ።

ሰነፍ ሰው ወቀሳን ፈርቶ በሩን ይዘጋል። አስተዋይ ሰው ግን የሚወደውን ለማዳን መስኮቱን ይከፍታል።