ሥራዋ በሌሎች ስም የተመዘገበባት ሜሪ አኒንግ



በእኛው ሰሜን ሸዋ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ ከድንጋይ ውስጥ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን የጥንት አውሬ ቅሪት ፈልጎ በማውጣት ቀዳሚ ከነበሩት መካከል አንዲት ድሃ ሴት ትገኛለች። ታሪኳን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ አኒንግ በ1799 በእንግሊዝ አገር፣ ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደች። አባቷ አናጢ ሲሆን፣ ከገደሉ ሥር ቅሪተ አካል እየለቀመ ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። በ1810 ሲሞት ለቤተሰቡ የተወው ዕዳ ነው። ሜሪ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር።

በ1811 ወንድሟ የአንድ ትልቅ አውሬ ራስ ቅል አገኘ፤ በዓመቱ የቀረውን አካል ሜሪ አገኘችው። ኢክትዮሳውር ይባላል፤ ዳይኖሰር ሳይሆን በዚያው ዘመን በባሕር ውስጥ እያደነ ይኖር የነበረ እንስሳ ነው። በ23 ፓውንድ ተሸጠ። በ1823 ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሉ የፕሊሲዮሳውር አጽም አወጣች። አንገቱ እጅግ ረጅም ስለነበር ኩቪዬ የተባለው ታላቅ ፈረንሳዊ ሊቅ ሐሰት እንዳይሆን ጠረጠረ። ሐሰት ቢባል ኖሮ ገዢ ባላገኘች ነበር። ተመርምሮ ግን እውነተኛነቱ ታወቀ።

ሥራው አደገኛ ነበር። የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ዳሩን እንደሚንደው ሁሉ፣ የክረምቱ ማዕበልም ገደሉን እየናደ አጥንቱን ያወጣዋል፤ ቶሎ ካልተነሣ ባሕሩ መልሶ ይወስደዋል። በ1833 ናዳ ወርዶ ውሻዋን አጠገቧ ገደለባት፤ እሷ ለጥቂት ተረፈች።

የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር በዚያን ጊዜ ሴት አይቀበልም ነበር። በ1824 ፕሊሲዮሳውሩ በማኅበሩ ፊት ሲቀርብ የእሷ ስም አልተነሣም። ከእሷ የተገዛውም አብዛኛው ወደ ሙዚየም የገባው በገዢዎቹ ስም ነው። ያጠራቀመችውንም ገንዘብ ባልሆነ ቦታ አውላ አጣችው፤ ኋላ ሥራዋን የሚያውቁ ሊቃውንት ተሟግተው በዓመት 25 ፓውንድ ጡረታ አስፈቀዱላት። በ1847 በጡት ካንሰር ስትሞት ዕድሜዋ 47 ነበር። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረው በ1919 ነው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ታሪኩን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው መዝገቡ ላይ ነው። ሜሪ ዋጋውን ተቀብላለች፤ ስሟ ግን አልተጻፈም። ስም ያልተጻፈበት ሥራ ደግሞ ነገ ለብድርም ለመብትም ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ማሾም ሆነ ሽንኩርት ለነጋዴ ስናስረክብ ደረሰኙ በራሳችን ስም ይቆረጥ። የቁጠባ ደብተራችንም በስማችን ይሁን። ገንዘባችንንም አንድ ቦታ ከማዋላችን በፊት በስብሰባ እንመካከርበት። ደጋፊዎቻችንም ስለ ሥራችን ስትጽፉ የሠራችውን ሴት፣ ከፈቀደች፣ በስሟ ጥሯት።