የሰውን ራስ ሊለካ የመጣው ፕሮፌሰር

ካርልተን ኩን በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ፥ ዌክፊልድ በምትባል ከተማ በ1904 ዓ.ም. ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰውን ዘር ጥናት ተምሮ በ1928 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። የሞሮኮን የሪፍ ተራራ ሰዎች አጥንቶ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፥ በ1933 የእኛንም ራስና አፍንጫ ሊለካ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሥራው እንዳሰበው ስላልሰመረለት ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመን ሄደ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1935 አሳተመ።

ኩን ስለ ኢትዮጵያ ደገኞች የደረሰበት አሳብ፥ የነጭ ዘር ከጥቁር ጋር የተደባለቀባቸው ናቸው የሚል ነበረ። ይህን እንደ ሙገሳ የሚቀበል ወገን ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም፤ ለአንዱ የተሰጠው ደረጃ ከሌላው የተነጠቀ ነውና። ለመሆኑ ኩን እስከ ደብረ ታቦር ዘልቆ ቢሆን ኖሮ ማንን በየትኛው መዝገብ ሊጽፍ ነው? በጉና ተራራ ሥር ከአንድ እናት ከተወለዱት ልጆች አንዱ ቀይ፥ አንዱ ጠይም፥ አንዱ ጥቁር ይባላል። የአባታቸውን ርስት ግን ወንድማማች ሆነው ይካፈሉ ነበር እንጂ በመልክ የተለየ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ወደ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ስሙን ያጎደፈው መጽሐፍ በ1962 ወጣ። በዚህ መጽሐፍ የሰው ልጅ በአምስት ዘር ተከፍሎ፥ እያንዳንዱ ዘር ለየብቻውና በተለያየ ዘመን ወደ ሙሉ ሰውነት ተሸጋገረ፤ አፍሪካውያንም እጅግ ዘግይተው ደረሱ ብሎ አስተማረ። ጊዜው በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የጥቁርና የነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ብርቱ ሙግት የተነሣበት ነበረና፥ ለመለያየቱ የሚሟገቱት ሰዎች ትምህርቱን እንደ ጋሻ ያዙት። ከእነርሱ ዋናው ጸሐፊ ካርልተን ፑትናም የኩን ዘመድ ነበረ። ኩን በአደባባይ ፖለቲካ አይመለከተኝም ይል እንጂ፥ ፑትናምን በስውር ይረዳው እንደ ነበረ ደብዳቤዎቹ ኋላ አጋለጡት። የሙያ ማኅበሩ የፑትናምን መጽሐፍ ባወገዘ ጊዜም ከሊቀ መንበርነቱ ለቀቀ።

የዝርያ ሊቅ የነበረው ዶብዣንስኪ፥ አምስት የተለያዩ ወገኖች እየራሳቸው ተጉዘው አንድ ዓይነት ሰው ሊሆኑ እንደማይችሉ አስረድቶ ተቃወመው። የበለጠው መልስ ግን የወጣው ከእኛው አፈር ነው። በ1967 በኦሞ፥ በ1997 ደግሞ በአፋር ሄርቶ የሰው የራስ ቅሎች ተገኙ፤ የሄርቶዎቹ 160 ሺሕ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የኦሞው ከዚያም ይበልጣል። በአውሮፓ የእኛን መሰል ሰው ከመታየቱ በፊት በኢትዮጵያ ምድር ሰው ይኖር ነበረ ማለት ነው። የደም ጥናትም የሰው ዘር ሁሉ ከአፍሪካ መውጣቱን አረጋግጧል።

ኩን አሳቡን ሳይለውጥ በ1981 በማሳቹሴትስ፥ ግሎስተር ከተማ ሞተ።