ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፤ ዶክተር ጆናታን ሮድስና ያጠረ አንጀት ሕክምና

በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሣ ሰዎች አብዛኛዎቹ አንድ መድኃኒት በማግኘት ወይም አንድ መሣሪያ በመሥራት የታወቁ ናቸው። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዶክተር ጆናታን ሮድስ ግን ከሁሉ በላይ ሊታወሱ የሚገባቸው አንድን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይሰለቹ ይዘው በመቆየታቸው ነው። ጥያቄውም ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ተከናውኖ ሳለ በሽተኛው ስለምን ይሞታል የሚል ነበር።

ዶክተር ሮድስ በ1907 በፊላዴልፊያ ከተማ ከኩዌከር ሃይማኖት ተከታይ ቤተሰብ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ሐኪም ነበሩ። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክተርነት ተመርቀው ወደ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገቡ፤ የሥራ ዘመናቸውንም በዚያው ፈጸሙ። ከአለቃቸው ከዶክተር ራቭዲን ጋር ባደረጉት ምርምር፣ በደሙ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ያነሰ በሽተኛ ቁስሉ ቶሎ እንደማይሽር፣ ጨጓራውም ምግብን ወደ አንጀት ለማሳለፍ እንደሚዘገይ ታወቀ። በመሆኑም ምግብ ከሕክምናው በኋላ የሚታሰብ ነገር ሳይሆን ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑ ተገለጠ።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው አንጀቱ በተቆረጠበት ሰው ላይ ነው። በአገራችን፣ በከፋም ሆነ በሌላው ክፍል፣ አንጀት ተጠማዝዞ ደም ሲያጣና ሲበሰብስ ሐኪሙ የሞተውን ክፍል ቆርጦ ከማውጣት በቀር ምርጫ የለውም። በአዋቂ ሰው ብዙ ሜትር ከሚረዝመው ትንሹ አንጀት ከ2 ሜትር ያነሰ ብቻ ሲቀር፣ የተበላው ምግብ በሚገባ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ውሃውና ጨውም በተቅማጥ ይወጣል። ሰውየው እየበላ ይራባል፣ እየጠጣ ይጠማል። እንዲህ ያለው በሽተኛ ከቀዶ ሕክምናው ተርፎ ሳለ ቀስ በቀስ ከስቶ ይሞት ነበር።

ምግቡን በደም ሥር ማሳለፍ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ሰውን የሚያኖር ምግብ በጥቂት ውሃ ከተበጠበጠ እጅግ ስለሚከብድ ትንንሾቹን ደም መልሶች ያቆስላል፤ በብዙ ውሃ ከቀጠነ ደግሞ ልብና ኩላሊት ውሃውን አይችሉትም። ነገሩን በከፋ ማር መመሰል ይቻላል። ያልተበጠበጠ ማር ቀጭን ምንጭ ላይ ቢፈስ ምንጩን ይደፍነዋል፤ በጎጀብ ወንዝ ላይ ቢንጠባጠብ ግን ከውሃው ተዋሕዶ ይሄዳል። ዶክተር ሮድስ መጀመሪያ የሞከሩት የማቅጠኑን መንገድ ነበር። በቀን በርካታ ሊትር ፈሳሽ እየሰጡ፣ ትርፉ ውሃ ሽንት በሚያበዛ መድኃኒት እንዲወጣ አደረጉ። ዘዴው ለጥቂቶች ቢረዳም አድካሚ ነበር፤ አደጋም አላጣውም።

ወንዙን ያገኘው ተማሪያቸው ስታንሊ ዱድሪክ ነው። ፈረንሳዊው ኦባኒያክ በ1952 ከአንገት አጥንት ሥር ወደሚገኘው ትልቅ ደም መልስ በመርፌ መግባት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ዱድሪክ ከባዮኬሚስቱ ሃሪ ቫርስና ከዳግላስ ዊልሞር ጋር በቢግል ቡችሎች ላይ ሞከረ። ከልብ አጠገብ ወዳለው ታላቅ ደም መልስ ባስገባው ቀጭን ቱቦ የወፈረውን ምግብ ቀንና ሌሊት እያንጠባጠበ፣ ቡችሎቹን በአፋቸው ምንም ሳይበሉ አሳደጋቸው፤ አንዱ 256 ቀን በዚሁ ዘዴ ኖረ። በ1967 ደግሞ ትንሹ አንጀቷ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሳይበጅ የተወለደች ሕፃን በዚያው ከተማ በዚህ መንገድ ተመግባ ክብደትና ቁመት ጨመረች። በመጨረሻ ብትሞትም፣ ሰው ያለ አንጀት ማደግ መቻሉ ተረጋገጠ።

ዶክተር ሮድስ ከ1956 እስከ 1959 የዩኒቨርሲቲው ፕሮቮስት፣ ከዚያም እስከ 1972 የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ግኝቱ ዛሬ በአብዛኛው በዱድሪክ ስም ይነገራል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ተማሪው ሥራውን ሲጀምር ጥያቄው ተለይቶ፣ ቤተ ሙከራው ተደራጅቶ፣ ያልሠራው መንገድም ተፈትኖ ጠብቆታል። ይህን ያዘጋጁት መምህሩ ናቸው።

ከ1970 ገደማ ጀምሮ በሽተኞች በቤታቸው ሆነው በቱቦ መመገብ ጀመሩ። ስዊድናዊው አርቪድ ሬትሊንድ ያዘጋጁት የስብ ፈሳሽም ምግቡን ምሉዕ ለማድረግ ረዳ። ነገር ግን በቱቦው የሚገባ ተሕዋስያንና የጉበት ጉዳት አዲስ ችግር ሆኑ። ተመራማሪዎች ቀጥሎ ያተኮሩት በቀረው አንጀት ላይ ነው። የቀረው አንጀት ምግብ ሲያልፍበት የውስጥ ገጹ እየሰፋ የጠፋውን ሥራ በከፊል ይተካል፤ ስለዚህ በሽተኛው በአፉ መብላቱን ማቆም የለበትም። ይህን እድገት የሚያነሣሣውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት በ2012 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዶክተር ሮድስ ይህን አላዩም፤ በ2002 በ94 ዓመታቸው አርፈዋል።

የሕይወታቸው ትምህርት ለመሐንዲስም ይጠቅማል። በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ምግብ ንጹሕ የመቀመሚያ ክፍል፣ ተከታታይ የደም ምርመራ፣ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሠለጠነ ነርስ ይፈልጋል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቱቦው ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ባልተሟሉበት ሆስፒታልም የሚሠራ ሥራ አለ። ከአንጀቱ መዳን የሚችለውን እያንዳንዱን ሴንቲ ሜትር ማትረፍ፣ የቀረውን ለክቶ መመዝገብ፣ በባዶ ውሃ ፈንታ ጨውና ስኳር በልክ የተበጠበጠበትን ፈሳሽ ማጠጣት፣ የአንጀቱ መጨረሻ ለተቆረጠበትም ቫይታሚን ቢ12 በመርፌ መስጠት ይቻላል። ከቦንጋ በጅማ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ላለበት በሽተኛ፣ በመንገዱ ላይ በሕይወት መቆየቱ የሚወሰነው በእነዚሁ ጥቂት ነገሮች ነው።