ከመጽሐፍ ጥረዛ ወደ ቤተ ሙከራ

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ማይክል ፋራዳይን ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ስናስተምር ስሙን ሳንጠራ አናልፍም። ወደ ሳይንስ በየት በር እንደገባ ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዳይ በ1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ ኑሯቸውም ከእጅ ወደ አፍ። ልጁ ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ እንደለመደ ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆመ። በ14 ዓመቱ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለሰባት ዓመት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። የሚጠርዘውን ያነብ ነበር፤ ያነበበውንም ሳንቲም እያጠራቀመ በገዛው ዕቃ ይሞክረው ነበር።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ፣ ታላቁ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን ትምህርት እንዲከታተል የመግቢያ ቲኬት ሰጠው። ፋራዳይ የያዘውን ማስታወሻ አጥርቶ ጻፈና በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ አነጋገረው፤ ክፍት ቦታ ግን አልነበረም። በ1813 የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ሲባረር ግን አስጠራው። ደመወዙ በሳምንት 25 ሺሊንግ ሆነ፤ በዚያ ላይ መኖሪያ ክፍል፣ ማገዶና ሻማ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አባቱ ሞቶ እናቱን የሚረዳ የድሃ ልጅ ያለ ክፍያ ና ቢባል ኖሮ ከየት አምጥቶ ይኖራል? ያቺ 25 ሺሊንግ ናት ቤተ ሙከራው ውስጥ ያቆየችው።

ሥራው ዕቃ ከማጠብና ከማሰናዳት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ከዴቪ ጋር አደገኛ ሙከራ ሲሠሩ ፈንድቶ ሁለቱንም አቆሰላቸው። በ1816 በራሱ ስም ያወጣው የመጀመሪያ ጥናት ዴቪ የሰጠው ሥራ ነበር። ሰው እንዲህ ነው የሚሠለጥነው፤ አጠገብ ቆሞ እያየ፣ ኋላም ራሱ እየሠራ።

ነገሩ ግን ሁሉ ማር አልነበረም። በ1821 ፋራዳይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሽቦ በማግኔት ዙሪያ አሽከረከረ። የሌላ ሰው ሐሳብ ወስዷል የሚል ሐሜት ተነሳበት። በ1823 የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዲሆን ሲታጭ፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ያው ዴቪ ተቃወመው። ተማሪው ግን በ1824 ተመረጠ። በ1831 ማግኔትን በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ፤ የዛሬው ጄኔሬተር መሠረቱ ይኸው ነው። በ1867 እስኪሞት ድረስ ስለ ዴቪ በአክብሮት ከመናገር አልቦዘነም።

ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለጀማሪ ተማሪዎች እየከፈሉ ከአንድ መምህር ጋር ምርምር ያሠሯቸዋል። ጥሩ ነገር ነው። ለኛ ለመምህራን ግን ጥያቄው ከዚያም ያልፋል። ደብተሩን አሳምሮ የሚመጣውን ልጅ በር መክፈት ቀላሉ ነው። ያ ልጅ ነገ ሲበልጠን ደስ ይለናል ወይስ እንደ ዴቪ በሩ ላይ እንቆማለን? ከወዲሁ እናስብበት።