ሀንስ ጋይገር፡ የማይታየውን ጨረራ የቆጠረው ሳይንቲስት
ሀንስ ጋይገር እ.ኤ.አ በ1882 በጀርመኗ ኖይሽታት ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋዎች ሊቅ ነበሩ፤ የልጁ ልብ ግን ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። በ1906 በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው ኤሌክትሪክ በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነውን በመመርመር ነው። የዕድሜ ልክ ሥራው መነሻም ይኸው ጋዝ ሆነ።

ከዚያም ወደ እንግሊዟ ማንችስተር አቀና፤ በ1907 እዚያ የደረሰው ኧርነስት ራዘርፎርድ ረዳቱ አደረገው። በዘመኑ የአልፋ ቅንጣቶችን መቁጠር አድካሚ ሥራ ነበር። ዚንክ ሰልፋይድ የተባለው ውሕድ፣ ጥቂት ባዕድ ማዕድን ሲገባበት፣ ቅንጣት በመታው ቁጥር ደካማ ብልጭታ ይሰጣል። ቆጣሪው በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቅና ብልጭታዎቹን በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጥራል። በደቂቃ ከ90 ካለፉ ዐይን ይስታል። ራዘርፎርድ ለዚህ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ጋይገር ግን ነበረው።

ከድካሙ የሚልቅ ጥያቄም ነበር፤ እያንዳንዱ ብልጭታ በእርግጥ አንድ ቅንጣት ነውን? ሁለቱ ሰዎች በ1908 ሌላ መቁጠሪያ ሠሩ፤ በመሐሉ ቀጭን ሽቦ የተወጠረበት፣ የሳሳ ጋዝ የያዘ የናስ ቱቦ። ከ1000 ቮልት በላይም ተሰጠው። ቅንጣቱ ሲገባ ከጋዙ አተሞች ኤሌክትሮኖችን ይፈነቅላል፤ እነርሱ ወደ ሽቦው ሲንደረደሩ ሌሎችን፣ ሌሎቹም ሌሎችን እያፈናቀሉ እንደ ናዳ ይበዛሉ፤ የመለኪያው መርፌም ይንቀሳቀሳል። የሁለቱ ቆጠራ ተቀራረበ። የዐይን ምስክርነት በጋዝ ምስክርነት ጸና።

ቱቦው ገና ዘገምተኛ ስለነበር ወደ ጨለማው ክፍል መመለስ ግድ ሆነ። በ1909 ጋይገርና የ20 ዓመቱ ተማሪ ኧርነስት ማርስደን፣ ፕላቲነም ላይ ከወደቁ 8000 ያህል የአልፋ ቅንጣቶች አንዱ ወደ ኋላ እንደሚነጥር አዩ። ራዘርፎርድ በ1911 አተም በመሐሉ እጅግ ጥቂት ሥፍራ የያዘ ኒውክለስ እንዳለው ያስረዳው በዚህ ተመርኩዞ ነው። ሁለቱ ቆጣሪዎች ሐሳቡን ለመፈተን ከ100,000 በላይ ብልጭታዎችን ቆጠሩ፤ ውጤቱም በ1913 ታተመ።

ጋይገር በ1912 ወደ በርሊን ተመልሶ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በመድፈኛነት ዘመተ፤ አብሮት ሊሠራ ከእንግሊዝ የመጣው ጄምስ ቻድዊክ ደግሞ በጀርመን እስረኛ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በስሙ የሚጠራው መሣሪያ የተወለደው በ1928 በኪል ከተማ፣ ከተማሪው ዋልተር ሙለር ጋር ነው። አዲሱ ቱቦ ቤታንና ጋማን ጭምር ይሰማል። ጉድለት ግን አላጣውም። ጋዝ ስስ በመሆኑ አብዛኛው የጋማ ጨረራ ሳይነካው ያልፋል፤ ምልክቱም ሁሉ አንድ መጠን ስላለው ጉልበታሙን ከደካማው አይለይም። በኋላ እንደ ሶዲየም አዮዳይድ ያሉ ጥቅጥቅ ክሪስታሎች የተፈለጉት ስለዚህ ነው። ለርካሽነቱና ለቀላልነቱ ግን ቱቦውን የሚተካው አልተገኘም ማለት ይቻላል።

የመጨረሻ ዓመታቱን በሕመም አሳለፈ። በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ ባቤልስበርግ የነበረውን ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን በፖትስዳም አረፈ። ሂሮሺማ በአቶም ቦምብ ከወደመች ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር።