ጆን ብራከን፦ ከግብርና ኮሌጅ ወደ መንግሥት መሪነት

በምዕራብ ካናዳ የምትገኘው ማኒቶባ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1958 ድረስ ለ36 ዓመታት ያህል ስትተዳደር የቆየችው ከገበሬዎች ማኅበር በበቀለ የፖለቲካ ቡድን ነው። ቡድኑ በእነዚህ ዓመታት ስሙንና አጋሮቹን በየጊዜው ቢለዋውጥም፣ የመንግሥቱን መሪ የቀየረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው መሪ ጆን ብራከን ከሃያ ዓመታት በላይ በሥልጣን ላይ ቆይተዋል። ወደዚያ ኃላፊነት የመጡት ግን ከፖለቲካው መድረክ ሳይሆን ከግብርና ኮሌጅ ነው።

ብራከን እ.ኤ.አ. በ1883 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በጉዌልፍ ከተማ በሚገኘው የግብርና ኮሌጅ ተምረው ወደ ምዕራብ ካናዳ አቀኑ፤ በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲም ግብርና አስተማሩ። ዋነኛ ሙያቸው በዝናብ አጠር አካባቢዎች እርጥበትን በአፈር ውስጥ ቆጥቦ እህል ማምረት ሲሆን፣ በዚህ ላይ ለምዕራብ ካናዳ ገበሬዎች መጽሐፍ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1920 የማኒቶባ ግብርና ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በተካሄደው የክፍለ ሀገሩ ምርጫ የማኒቶባ የተባበሩት ገበሬዎች ማኅበር እጩዎች ሳይጠበቅ አሸነፉ። ማኅበሩ ለማሸነፍ እንጂ ለማስተዳደር አልተዘጋጀም ነበርና መሪ እንኳ አልነበረውም። ተመራጮቹ ታዋቂዎቹን የገበሬ ፖለቲከኞች ቶማስ ክሪራርንና ሮበርት ሆይን ቢጠይቁም ሁለቱም አልተቀበሉም። ኃላፊነቱን የተቀበሉት ብራከን ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1922 ቃለ መሐላ ፈጽመው የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ የምክር ቤት መቀመጫ እንኳ አልነበራቸውም። መቀመጫውን ያገኙት ከሁለት ወር በኋላ በሰሜናዊቷ ዘ ፓ ምርጫ ክልል ነው።

የአዲሱ መሪ እምነት ግልጽ ነበር። መንግሥትን እንደ ፓርቲ ፉክክር መድረክ ሳይሆን እንደ አንድ ሥራ ድርጅት በቁጠባ መምራት ይሻሉ። የመንግሥትን ወጪ ቀነሱ፤ በሰሜኑ የማዕድን ሀብት እንዲለማ አበረታቱ። ለረጅም ዘመን በፌዴራል መንግሥት እጅ የቆየው የክፍለ ሀገሩ መሬትና የተፈጥሮ ሀብትም እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ማኒቶባ ተመለሰ።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የስንዴ ዋጋ ወደቀ፤ ድርቅም ተከተለ። ቁጠባው ክፍለ ሀገሩን ከክስረት ለማዳን ቢረዳም፣ ሥራ ላጡ የከተማ ነዋሪዎች የከበደ ሸክም ነበር። ብራከን ሥልጣናቸውን ያጸኑት ተፎካካሪዎችን ወደ ራሳቸው በመሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ከሊበራሎች ጋር ተጣመሩ፤ በ1936 በምርጫ አብላጫ ድምፅ ቢያጡም በሌሎች ድጋፍ ቀጠሉ፤ በ1940 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በምክር ቤቱ ያሉ ፓርቲዎችን ሁሉ ያቀፈ ጥምር መንግሥት መሠረቱ።

የብርታቱ ሌላ ምንጭ የመቀመጫ ክፍፍሉ ነበር። የዋና ከተማይቱ የዊኒፔግ ነዋሪዎች ቁጥር ብዙ ቢሆንም፣ ከ55ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች የተመደቡላት 10 ብቻ ነበሩ። የገጠሩ ድምፅ ከከተማው ድምፅ ይልቅ ይመዝን ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942 በችግር ላይ የነበረው የካናዳ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ብራከንን ለአገር አቀፍ መሪነት መረጠ። እርሳቸውም ፓርቲው በስሙ ላይ ተራማጅ የሚል ቃል እንዲጨምር በማድረግ ጥሪውን ተቀበሉ። በማኒቶባ የሠራው ብልሃት ግን በአገር ደረጃ አልሠራም። በ1945ቱ ምርጫ በማኬንዚ ኪንግ ተሸነፉ፤ በ1948 ከመሪነት ወርደው ጆርጅ ድሩ ተተኩ።

በማኒቶባ ቦታቸውን የወረሱት የገንዘብ ሚኒስትራቸው ስቱዋርት ጋርሰን ናቸው። ጋርሰንም በ1948 ወደ ፌዴራል ካቢኔ ሲሄዱ፣ የግብርና ሚኒስትሩ ዳግላስ ካምቤል ተተኩ። ሁለቱም ተተኪዎች በብራከን ካቢኔ ከ1936 ጀምሮ ያገለገሉ ስለነበሩ ርክክቡ ያለ ሁከት ተፈጸመ። የመንግሥቱ አቅጣጫም ብዙም አልተለወጠም፤ የቁጠባው ልማድ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ግን ከተማዋ እያደገች፣ ለትምህርትና ለመንገድ የሚቀርበው ጥያቄም እየበረታ ነበር።

የምርጫ ክልሎችን እንዲያካልል በ1955 ገለልተኛ ኮሚሽን ያቋቋመው የካምቤል መንግሥት ራሱ ነው። የከተማው ድምፅ ክብደት ከፍ ባለበት በቀጣዩ ምርጫ፣ በ1958፣ መንግሥቱ ተሸንፎ ሥልጣኑን ለዳፍ ሮብሊን አስረከበ።

ብራከን ከፖለቲካ ከወጡ በኋላ በኦንታሪዮ ወደ እርሻ ሥራ ተመለሱ። በሃምሳዎቹ ዓመታት የማኒቶባን የአልኮል መጠጥ ሕግ ያጠናውን ኮሚሽን መርተዋል፤ የባቡር ፉርጎዎች ለእህል ጭነት የሚከፋፈሉበትንም አሠራር መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1969 በ85 ዓመታቸው አረፉ። በ1922 በገበሬዎች ስም ከተመረጡት አንዱ የነበሩት ካምቤልም፣ ከ47 ዓመታት አገልግሎት በኋላ ምክር ቤቱን የተሰናበቱት በዚያው ዓመት ነበር።