የበሽተኛ ቅሬታ ያዳመጡት የጆሮ ሐኪም፦ ዶክተር ሮበርት ባራኒ

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጋዜጣ እንደያዙ ራስዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ወዝወዝ ያድርጉ። ፊደሉ አይጠፋዎትም። አሁን ደግሞ ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ ጋዜጣውን በዚያው ፍጥነት ያወዛውዙት። ፊደሉ ይደበላለቃል። ልዩነቱ የመጣው ከጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህም አንጎል መዞሩን ያውቅና ዓይንን ወደ ተቃራኒው ይመልሳል።

የእነዚህን ቱቦዎች ጤንነት በሰው ላይ በቀላሉ መመርመር እንደሚቻል ያሳዩት ዶክተር ሮበርት ባራኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1876 በቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ቲቢ አጥንታቸውን ይዞ አንድ ጉልበታቸው ደርቆ ቀረ፤ ሆኖም ተራራ መውጣትና ቴኒስ መጫወት አልተዉም። በ1900 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ።

ከእርሳቸው በፊት፣ በ1820ዎቹ፣ ፈረንሳዊው ፍሉራንስ የርግብን የጆሮ ቱቦ ሲቆርጥ ወፊቱ ራሷን ማረጋጋት ተስኗት ወዲያ ወዲህ ስታወዛውዝ አይቶ ነበር። ሰውን ግን እንደ ርግብ አይቆርጡት!

ባራኒ በጆሮ ክሊኒክ ሲሠሩ ጆሯቸውን በውሃ የሚያጥቡላቸው በሽተኞች ራሳቸውን እንደሚያዞራቸው ይናገሩ ነበር። ዓይናቸውም ይዋልላል። አንዱ በሽተኛ ጥፋቱ የውሃው መቀዝቀዝ እንደሆነ አማረረ። በሌላ ቀን ውሃው ከመጠን በላይ ሞቀ፤ ማዞሩ አልቀረም፣ ዓይኑ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ዋለለ። ስንቱ ሐኪም ነገሩን የበሽተኛ ጭቅጭቅ ነው ብሎ ያልፈው ነበር! እርሳቸው ግን ምክንያቱን ፈለጉ። በቤታችን ዱድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛው እንደሚወርድ ሁሉ፣ በጆሮ ቱቦ ያለው ፈሳሽም እንዲሁ ይንቀሳቀሳል አሉ። በ1983 በጠፈር በተደረገ ሙከራ፣ ክብደት በሌለበት ሥፍራም ዓይን መዋለሉ ስለታየ፣ ማብራሪያው ሙሉ እንዳልነበረ ታወቀ። ምርመራው ግን ዛሬም በየሆስፒታሉ ይሠራበታል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባራኒ በፈቃዳቸው ለኦስትሪያ ጦር በሐኪምነት ዘመቱ። በ1915 የፕሸሚሽል ምሽግ ሲወድቅ በሩሲያውያን ተማርከው ወደ መካከለኛው እስያ፣ ወደ መርቭ ተወሰዱ። ወባም ያዛቸው። የ1914 የኖቤል ሽልማት ለእርሳቸው መሰጠቱን የሰሙት እዚያ፣ በምርኮኞች ሰፈር ነበር። የስዊድኑ ልዑል ካርል በቀይ መስቀል በኩል ባደረጉት ጥረት በ1916 ተለቀቁ።

ወደ ቪየና ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን ደስታ አልነበረም። የሙያ ባልደረቦቻቸው የሌሎችን ድካም ሳይጠቅሱ ክብሩን ለራሳቸው አድርገዋል ብለው ከሰሷቸው። ከምርኮ ለተመለሰ ሰው መራራ አቀባበል ነው። በ1917 ወደ ስዊድን ሄደው በኡፕሳላ ሥራ ያዙ፤ በ1926 ፕሮፌሰር ሆኑ።

ዛሬ የሰው ቅርጽ ያላቸው ሮቦቶች በራሳቸው ውስጥ የመዞርንና የፍጥነት ለውጥን የሚለካ መሣሪያ ይገጠምላቸዋል። በኢጣልያ ጄኖቫ የተሠራው አይካብ የተባለው ሮቦት አንዱ ነው። ሰውነቱ ሲናወጥ መሣሪያው ይነግረዋል፤ ካሜራ ዓይኖቹም በተቃራኒው ይዞራሉ፣ ምስሉ እንዳይደበላለቅ። እርስዎ ቅድም በጋዜጣው እንደሞከሩት ማለት ነው።

ባራኒ ያረፉት በኡፕሳላ፣ ሚያዝያ 1936፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ነው።